የቢዝነስ ትምህርትን ለአገሩ እንዲበጅ ማድረግ፦ ለትምህርት ክፍሎች አራት መንገዶች ሲነጻጸሩ

በአሜሪካ የተጻፉ የአካውንቲንግ መጻሕፍት ደመወዝ ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ከሠራተኛው 6.2 በመቶ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለጡረታ)፣ 1.45 በመቶ ለሜዲኬር (ለአረጋውያን ሕክምና) እንዴት እንደሚቆረጥ ያሠላሉ። ተማሪው ተመርቆ መርካቶ ካለ አስመጪ ዘንድ ሲቀጠር የሚጠብቀው ግን ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሚሰበሰበው የጡረታ መዋጮ ነው። መጽሐፉ ሒሳብ የሚዘጋው ዲሴምበር 31 ነው፤ የመንግሥት በጀት ዓመት ደግሞ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። የፋይናንስ ኮርሱም የአክሲዮን ዋጋ መዋዠቅን ለዓመታት ሲያስተምር የኖረው የአክሲዮን ገበያ በሌለበት አገር ነው፤ የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በይፋ የተከፈተው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው።

ይህን ክፍተት ለመድፈን የሚያስቡ የማኔጅመንት፣ የአካውንቲንግና የማርኬቲንግ ትምህርት ክፍሎች ከአራት መንገዶች አንዱን ወይም ሁለቱን ይመርጣሉ፦ ምሳሌና ቁጥር መለወጥ፣ የአገር ውስጥ ኬዝ (ተማሪው ውሳኔ እንዲሰጥበት የሚቀርብ የአንድ ድርጅት ወይም ሰው እውነተኛ ጉዳይ) ጽፎ ማስተማር፣ ራሱን የቻለ ኮርስ መክፈት፣ ወይም የማስተማሪያ ቋንቋውንና ምዘናውን ማሻሻል። አራቱ ዋጋቸውም ጥቅማቸውም አንድ አይደለም። በእኛ ግምት አብዛኛው ትምህርት ክፍል ጉልበቱን ማፍሰስ ያለበት ሁለተኛው ላይ ነው፤ ምክንያቱን ከታች እናሳያለን።

«እኛ ቅኝ አልተገዛንም» ለሚለው

ትምህርትን ከቅኝ ግዛት አሻራ ስለ ማላቀቅ ሲነገር «ቅኝ ሳንገዛ ምኑን ነው የምናላቅቀው?» የሚል ጥያቄ በየሥርዓተ ትምህርት ስብሰባው መነሣቱ አይቀርም፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። አገር ሳይገዛ ዕውቀቱ ግን ከውጭ ብቻ ሊቀዳ ይችላል። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ባለቤቱ በእንግሊዞች እጅ የነበረው የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ነበር፤ የ50 ዓመት ብቸኛ መብትም ተሰጥቶት ነበር። የ1952ቱን የንግድ ሕግ ያረቀቁት ኤስካራና ዦፍሬ የተባሉ ፈረንሳውያን የሕግ ሊቃውንት ናቸው። ካይዘን የተባለው ሥራን ደረጃ በደረጃ የማሻሻል ዘዴ ደግሞ ከጃፓን መጥቶ በ30 ድርጅቶች ላይ ከተሞከረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2011 የራሱ ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት። ከውጭ መምጣታቸው በራሱ ነውር የለበትም። ችግሩ ያለው የመጣውን ነገር ከየት እንደ መጣ፣ ለማን እንደ ተሠራ፣ እዚህ የት ላይ እንደማይገጥም ሳይጠይቁ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ማስተማሩ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የየአገሩን ባህል በቁጥር የሚያወዳድረው የሆፍስቴድ የባህል መለኪያ በድርጅታዊ ባህርይ ኮርስ ላይ በስፋት ይሰጣል። መነሻው እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1973 አይቢኤም ኩባንያ ሠራተኞቹን የጠየቀበት መጠይቅ ነው። ኢትዮጵያ በዚያ ሥራ ለብቻዋ አልተለካችም፤ ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር «ምሥራቅ አፍሪካ» ተብላ በአንድ ቁጥር ተጠቃለለች። የሥልጣን ርቀት (የበታቹ የበላዩን ሥልጣን የሚቀበልበት መጠን) 64፣ ግለኝነት 27 የሚለው ውጤት የአራቱ አገሮች የአይቢኤም ሠራተኞች አማካይ ነው። ተማሪው ይህን ቁጥር «የኢትዮጵያ ባህል» ብሎ ፈተና ላይ ሲጽፈው፣ የቦረና አርብቶ አደሩንም፣ የዶርዜ ሸማኔውንም፣ የሐረር ነጋዴውንም በአንድ አይቢኤም ቢሮ ውስጥ አስገብቷቸዋል ማለት ነው። መለኪያውን ከኮርሱ ማውጣት አያስፈልግም። ቁጥሩ ከማን እንደ ተሰበሰበ በ15 ደቂቃ ማስረዳትና ተማሪው «እኔ ብለካ ማንን እጠይቅ ነበር?» የሚለውን እንዲመልስ ማድረግ ይበቃል።

ከመምረጣችሁ በፊት ፈተናችሁን ቁጠሩ

ብዙ ኮሚቴ ሥራውን የሚጀምረው ከንባብ ዝርዝር ነው፤ ስንት አፍሪካዊ ደራሲ አለበት ብሎ ይቆጥራል። ይህ አታላይ ቆጠራ ነው፤ ዝርዝሩ ላይ ያለ ጽሑፍ ሁሉ አይነበብምና። ተማሪ በቁም ነገር የሚያነበው ፈተናውን ነው። ስለዚህ የአንድ ኮርስ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት የማጠቃለያ ፈተናዎች አውጡና እያንዳንዱን ጥያቄ በአራት ነጥብ መዝግቡ፦ የየትኛው አገር ገንዘብና ሕግ ነው? ድርጅቱ ምን ያህል ትልቅ ነው? ውሳኔ ሰጪው ማን ነው፣ ሴት አለችበት? መልሱን ለማግኘት ተማሪው ያልኖረበትን ነገር ማወቅ ይጠበቅበታል? (ክሬዲት ካርድ፣ የ30 ዓመት የቤት ብድር፣ የቤዝቦል ቡድን…)

ሁለት መምህራን ለየብቻ ይቁጠሩ፤ ከዚያ ያስተያዩ። ለአንድ ኮርስ ግማሽ ቀን ቢወስድ ነው። የሚለያዩባቸው ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ አራተኛው ነጥብ ላይ ይሆናሉ፤ ውይይቱ የሚጠቅመውም እዚያ ላይ ነው።

አንደኛው መንገድ፦ ምሳሌና ቁጥር መለወጥ

ወጪው አነስተኛ፣ ጊዜውም አጭር ነው። የሴኔት ፈቃድ አይጠይቅም፤ የኮርሱ ርዕስም ክሬዲቱም አይነካም። ሁለት መምህራን በአንድ ክረምት ለአንድ ኮርስ ከ12 እስከ 15 መልመጃ መለወጥ ይችላሉ። የመውጫ ፈተናውንም አይጎዳም፤ ስሌቱ ያው ስሌት ነው።

ግን «ጆን»ን «ከበደ»፣ ዶላሩን ብር አድርጎ መተው ሥራ አይባልም። ከበደ አሁንም በክሬዲት ካርድ እየሸጠ፣ በ5 በመቶ የቤት ብድር እየከፈለ ከሆነ የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው። መለወጥ ያለበት የችግሩ አካል ነው። ሦስት የሚሠሩ መልመጃዎች እነሆ።

የመጀመሪያው ጳጉሜን ነው። ነሐሴ 20 የተወሰደ ብድር መስከረም 10 ቢመለስ ወለድ የሚታሰበው ለስንት ቀን ነው? ጳጉሜን የረሳ ተማሪ 20 ይላል። ትክክለኛው 25 ነው፤ ጳጉሜን 6 በሚሆንበት ዓመት 26። ይህቺ ትንሽ ጥያቄ ውል ላይ «ወር» ማለት 30 ቀን ነው ወይስ የፈረንጅ ወር የሚለውን ውይይት ትከፍታለች፤ ባንክ ቤት የሚገባ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ይገጥመዋል።

ሁለተኛው የዱቤ ደብተር ነው። የሰፈር ሱቅ በዱቤ የሰጠውን ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና በደንበኛ ስም የሚመዘግብበት ደብተር ከነሥርዝ ድልዙ የተሰብሳቢ ሒሳብ መዝገብ ነው። ተማሪው ዕዳውን በዕድሜ ይከፋፍል፦ እስከ 30 ቀን፣ ከ31 እስከ 60፣ ከዚያ በላይ። ባለሱቁ ማንን ዳግመኛ በዱቤ እንደሚሸጥ፣ ማንን ደመወዝ እስኪወጣ እንደሚጠብቅ፣ የማንን ዕዳ ለቅሶ ስለ ደረሰበት እንደሚያልፍ ይጠይቅ። የአጠራጣሪ ዕዳ መጠባበቂያ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምዕራፍ የለም።

ሦስተኛው ዕቁብ ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ መውሰድ ያዋጣል። 20 አባላት በየወሩ 5,000 ብር የሚጥሉበት ዕቁብ አለ እንበል፤ ዕጣው 100,000 ብር ነው። ሁሉም 20 ጊዜ ይጥላል፣ አንድ ጊዜ ይወስዳል። በደብተር ላይ ማንም አላተረፈ፣ ማንም አልከሰረ። አሁን ገንዘብ በወር 1 በመቶ ዋጋ አለው፣ የመጀመሪያው መዋጮና ዕጣም ዛሬ ነው ብለን የኋለኛውን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ እንቀንሰው። የ20ው መዋጮ የዛሬ ዋጋ 91,130 ብር ይሆናል። በመጀመሪያው ወር የወጣለት 100,000 ብር ስለሚያገኝ 8,870 ብር ይጠቀማል። በመጨረሻው ወር የሚወስደው የሚያገኘው የዛሬ ዋጋ 82,774 ብር ብቻ ስለሆነ 8,356 ብር ይጎዳል። አሥረኛው ባለዕጣ 304 ብር ይጠቀማል፤ አሥራ አንደኛው 601 ብር ይጎዳል። ድንበሩ እዚያ መሀል ነው።

ከስሌቱ በኋላ የሚመጡት ጥያቄዎች የኮርሱ ልብ ናቸው። የመጨረሻዎቹ አሥር ሰዎች ከዕቁቡ ለምን አይወጡም? ዕጣ የሚሸጥ ሰው በስንት ቢሸጥ ያዋጣዋል? ዋስ የሚጠየቀው ቀድሞ የወጣለት ሰው የሆነው ለምንድን ነው? (ከፍሎ ያልጨረሰውን ዕዳ ይዞ ሊጠፋ የሚችለው እሱ ስለሆነ።) የዕቁቡ ዳኛ ጥሎ ለጠፋ ሰው ምን ያደርጋል? ተማሪው የገንዘብን የጊዜ ዋጋ፣ የብድር ስጋትንና የዋስትናን አሠራር እናቱ በምታውቀው ተቋም ላይ ተማረው ማለት ነው። ቀመሩ ያው መጽሐፉ ላይ ያለው ቀመር ነው።

በዚህ መንገድ የሚበላሸው ነገር አንድ ነው፦ የታክስ ምጣኔና የሕግ ቁጥር ይለወጣል። የደመወዝ ግብር እርከን በመልመጃው ውስጥ ተበትኖ ከተጻፈ፣ አዋጅ ሲሻሻል መልመጃው ሁሉ ይሞታል። ምጣኔዎችን በሙሉ ከነአዋጅ ቁጥራቸው በአንድ ገጽ ላይ ሰብስቡ፤ መልመጃዎቹ «በሠንጠረዥ 1 መሠረት» እያሉ ወደዚያ ይምሩ፤ በየመስከረም አንድ ሰው ገጹን ብቻ ያድስ።

ሁለተኛው መንገድ፦ የአገር ውስጥ ኬዝ

ምሳሌ ተማሪን ስሌት ያሠራዋል፤ ኬዝ ያስወስነዋል። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ አጣብቂኝ፣ የተሟላ ያልሆነ መረጃ። ለዚህም ነው በግዴታ ኮርስ ውስጥ የገባ አንድ ጥሩ ኬዝ ከአሥር ምሳሌ የሚበልጠው፦ የአገሩ ሰው የጥናት ናሙና ከመሆን ወጥቶ ውሳኔ ሰጪ ይሆናል።

ሁለት ዓይነት ኬዝ አለ። አንዱ በይፋ ሰነድ ላይ የሚመሠረት ነው፤ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጽፍ ይመከራል። የቡናው የንግድ ምልክት ጉዳይ ለዚህ ሁነኛ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ኦክስፋም ዘመቻ ከፈተ፤ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት የተደረሰው በሰኔ 2007 እ.ኤ.አ. ነው። የኬዙ ውሳኔ ነጥብ፦ በአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወንበር ላይ ብትቀመጥ የንግድ ምልክት ነው የምትመርጠው ወይስ የመነሻ ቦታ ማረጋገጫ ምልክት? ማረጋገጫው ቡናው በእርግጥ ከዚያ ቦታ መምጣቱን መቆጣጠር ይጠይቃል፤ ምርቱ በየጓሮው ካሉ እጅግ ብዙ ገበሬዎች ተለቅሞ በሰብሳቢ፣ በአቅራቢና በላኪ እጅ በሚያልፍበት አገር ቁጥጥሩ ምን ያስወጣል? የንግድ ምልክቱ ደግሞ ስሙን ለመንግሥት ያደርገዋል፤ ገበሬው የት ላይ ይታያል? ማርኬቲንግ፣ የንግድ ሕግ፣ ስትራቴጂ፣ ሦስቱም ኮርስ ሊጠቀምበት ይችላል። ተከታይ ኬዝ የሚፈልግ የኢትዮጵያ ምርት ገበያን ይውሰድ፦ በ2008 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምርና ቡና ሲገባበት ምርቱ በደረጃ እየተደባለቀ ይሸጥ ስለነበር፣ የትኛው ገበሬ ወይም የትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደሆነ ማወቅ የሚፈልጉ የልዩ ቡና ገዢዎች ተቸገሩ። ግልጽ ዋጋና ግልጽ መነሻ ተጋጩ፤ ተማሪው ያስታርቃቸው።

ሁለተኛው ዓይነት የመስክ ኬዝ ነው፤ ከአንድ ነጋዴ፣ ማኅበር ወይም ዎርክሾፕ ጋር ተቀምጦ የሚጻፍ። አሠራሩ ይህን ይመስላል፦

1. ርዕሱን ከኮርሱ ምዕራፍ ምረጡ፤ ከድርጅቱ ዝና አትነሡ። «የክምችት አያያዝ» ካስፈለገ እህል በረንዳ ሂዱ።
2. በሚታመን ሰው በኩል ግቡ፤ የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ወይም የቆየ ደንበኛ ሊሆን ይችላል። ሦስት ጊዜ ለመመላለስ አቅዱ። በመጀመሪያው ቀን ሽያጭና ትርፍ አትጠይቁ፤ ዕቃው ከየት መጥቶ እንዴት እንደሚሄድ ብቻ ጠይቁ።
3. ቁጥር በሁለተኛው ቀን። ትክክለኛ ብር የማይነግራችሁ ከሆነ የመጀመሪያውን ዓመት 100 አድርጋችሁ ሌላውን በንጽጽር ውሰዱ፤ ለትምህርት በቂ ነው።
4. ረቂቁን በሚገባው ቋንቋ አንብቡለት፤ የማይፈልገው ይውጣ፤ ከዚያ የፈቃድ ፊርማ። ስም መለወጥ ከፈለገ ከተማውንም ለውጡ፤ በትንሽ ከተማ ውስጥ አንድ ብቻ ያለው ወፍጮ ቤት ስሙ ቢቀየርም ይታወቃል።
5. ኬዙ ከ6 እስከ 8 ገጽ፣ የመምህሩ ማስታወሻ 2 ገጽ። ማስታወሻ የሌለው ኬዝ ጸሐፊው ሥራ ሲለቅ አብሮት ይሄዳል።

ከመጀመሪያው ጉብኝት እስከ ክፍል ድረስ ከ10 እስከ 12 ሳምንት መድቡ፤ በግማሽ ሴሚስተር አያልቅም።

የሚበላሸው ምኑ ነው? አንደኛ፣ ነጋዴው «ከገቢዎች የመጡ ናቸው» ብሎ ያስባል፤ ሁለተኛው ነጥብ የተጻፈው ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ኬዙ የምስጋና ደብዳቤ ይሆናል። ባለቤቱ ጎበዝ፣ ድርጅቱ አደገ፣ አለቀ። ውሳኔ የሌለበት ጽሑፍ ኬዝ አይደለም፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ ሁለት ምክንያታዊ ሰዎች ሊጣሉበት የሚችሉት ጥያቄ ከሌለ ኬዙን ለጸሐፊው መልሱለት። ሦስተኛ፣ ሁሉም ኬዝ የአዲስ አበባና የወንድ ይሆናል። የጅግጅጋ የግመል ወተት ንግድ በሴቶች እጅ ነው፤ ወተቱ ሳይበላሽ እንዴት እንደሚደርስ፣ በበጋ አቅርቦቱ ሲቀንስ ዋጋ እንዴት እንደሚተመን፣ ሂሳቡ በማን እንደሚያዝ ሙሉ የሎጂስቲክስ ኬዝ ነው። ከአምስት ኬዝ ሁለቱ ቢያንስ ከዩኒቨርሲቲያችሁ አካባቢ፣ ሁለቱ ቢያንስ ሴት የምትወስንባቸው ይሁኑ።

ሦስተኛው መንገድ፦ ራሱን የቻለ ኮርስ

በወረቀት ላይ ሲታይ ማራኪ ነው። አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ሲሠራ መኖሩ፣ የአፋር ጨው ቅፍለት፣ የማሪያ ቴሬዛ ብር፣ ዕቁብና ዕድር፣ ደቦና ወንፈል፣ የቦረናው ቡሳ ጎኖፋ (ከብቱ ያለቀበትን ሰው ወገኑ መልሶ የሚያቋቁምበት ሥርዓት)፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ራሳቸውን ችለው የተከፈቱት ከወለድ ነፃ ባንኮች፦ ባለ3 ክሬዲት ኮርስ ለመሙላት የሚያንስ ነገር የለም።

ችግሩ ከኮርሱ ውጭ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ፣ ማለትም 50 በመቶ ማምጣት አለበት። ፈተናው የሚወጣው ከአገር አቀፉ ዋና ኮርሶች ነው፤ እዚያ የሌለውን ምርጫ ኮርስ ተማሪው በሁለተኛ ሐሳብ ይወስደዋል፤ ልጆቹን አንወቅሳቸውም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው፦ «የአገር በቀል» የሚባል አንድ ክፍል ሲከፈት ሌሎቹ ኮርሶች እንዳሉ ለመቀጠል ፈቃድ ያገኛሉ። ዕቁብ በዚያ ኮርስ ውስጥ ባህል ይሆናል፤ ፋይናንስ የሚባለው ግን በጎን ያለው ክፍል የሚሰጠው ሆኖ ይቀራል። በዚያ ላይ ኮርሱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መምህር ትከሻ ላይ ስለሚቆም፣ እሱ ለትምህርት ውጭ ሲሄድ ይዘጋል።

የሚያዋጣው መቼ ነው? ለማስተርስ፤ እንዲሁም ከታሪክ ወይም ከአንትሮፖሎጂ ትምህርት ክፍል አብሮ የሚያስተምር ባልደረባ ሲገኝ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች በሶሻል አንትሮፖሎጂ የጋራ ኮርስ ስለ አገር በቀል ዕውቀት የሚማሩት ምዕራፍ ስላለ መነሻው ተጥሏል።

ይህን ኮርስ የሚያቅድ ሰው ከሁለት ነገር ይጠንቀቅ። አንዱ «ኡቡንቱ»ን (ሰው ሰው የሚሆነው በሌሎች ሰዎች ነው የሚለውን አስተሳሰብ) ከደቡብ አፍሪካ አምጥቶ የኢትዮጵያ የአመራር ፍልስፍና አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ሆፍስቴድ አራት አገር በአንድ ቁጥር ማጠቃለሉን ነቅፈን አህጉርን በአንድ ቃል ብናጠቃልል ያው ስሕተት ነው። ሌላው አገር በቀሉን ሁሉ ማስዋብ ነው። ዕድርና ዕቁብ የሚያቅፉትን ያህል ያገላሉ፦ አዲስ መጤን፣ መዋጮ የማይችለውን፣ ዋስ የሌለውን። ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውንና ሸማኔውን ለዘመናት ስናንቋሽሽ የኖርነው እኛው ነን፤ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድበውን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። ይህን ንቀት የአገሪቱ የማምረቻ ኢንዱስትሪ ታሪክ አካል አድርጎ የማያስተምር ኮርስ አካታች ነው ልንለው አንችልም።

አራተኛው መንገድ፦ ቋንቋና ምዘና

ከሌሎቹ የሚለየው፣ ይዘቱን ሳይሆን በሩን የሚነካ በመሆኑ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ንግዱ፣ ግብር ቢሮውና ፍርድ ቤቱ ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛ ነው። ሁሉንም ወደ አማርኛ መመለስ መፍትሔ አይሆንም፤ ለብዙ ተማሪ አንዱን ባዕድ ቋንቋ በሌላ መተካት ነው። የሚሠራው ይህ ነው፦ የመስክ ቃለ መጠይቁና የክፍል ውይይቱ ተማሪዎቹ በሚያውቁት ቋንቋ፣ የመጨረሻው ሪፖርት በእንግሊዝኛ፣ ከሁለቱ መሀል የቃላት ዝርዝር።

ለአንድ ኮርስ 80 ቃል ይበቃል። ከራስ ከመፍጠር ነጋሪት ጋዜጣን መክፈት ይሻላል፤ የፌዴራል አዋጆች በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ስለሚታተሙ የንግድ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ብቻ ብዙውን ይሸፍናል። የአንድ ሰው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ ሽርክና፣ ሁሉም እዚያ አሉ። በተንቀሳቃሽ ንብረት ስለሚሰጥ ዋስትና የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011ም እንዲሁ፤ ከብትና ሰብል በዋስትና ሊያዝ እንደሚችል የሚያውቅ የፋይናንስ ተማሪ ለአርብቶ አደር ቤተሰቡ የሚነግረው ነገር አለው። በሁለት ትርጉም የሚያወዛግቡትን ለይታችሁ አውጡ፦ «ዕዳ» እና «ኃላፊነት» በእንግሊዝኛው አንድ ቃል (liability) ሲሆኑ በአማርኛ ሁለት ናቸው፤ ተማሪ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን በተመለከተ ትልቁ መሰናክል የሰንጠረዥ አሠራር ነው። ለዓይነ ስውር ተማሪ በቲ ቅርጽ የተሣለ ሒሳብ በድምፅ አንባቢ ሶፍትዌር አይነበብም። ያንኑ ሒሳብ በኤክሴል በአራት ዓምድ (ቀን፣ መግለጫ፣ ዴቢት፣ ክሬዲት)፣ አንድ የርዕስ መስመር ብቻ፣ የተዋሃደ ሴል ሳይኖር ስጡት፤ ይነበባል። ይህን የመምህሩ በጎ ፈቃድ አታድርጉት፤ የኮርሱ አውትላይን ላይ ይጻፍ። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ካለ የቃላት ዝርዝሩ ከኮርሱ ሁለት ሳምንት በፊት ይድረሰው፤ ለሙያ ቃላት ምልክት አስቀድሞ መስማማት ስላለበት።

የቡድን ሥራ ላይ ሴት ተማሪ ጸሐፊ፣ ወንድ ተማሪ አቅራቢ የሚሆንበትን ልማድ ለመስበር ሚናው በየሳምንቱ በዝርዝር ይዙር። የመስክ ጉብኝት ዓርብ ቀትር ላይ አይሁን፤ ሴቶች ለብቻቸው አይላኩ፤ ገበያው በእግር የሚደረስ ይሁን፤ ኬዙ በስልክ ስክሪን የሚነበብ ፒዲኤፍ ይሁን፤ ላፕቶፕ የሌለው ብዙ ነውና።

የዚህ መንገድ ድክመት ብቻውን ሲቆም ነው። ሁሉም በእኩል የሚደርስበት ትምህርት አሁንም ስለ አሜሪካ ቤዝቦል ቡድን ከሆነ በሩ ሰፋ እንጂ ቤቱ አልተለወጠም።

እንግዲህ ለማን የትኛው?

ሁለት ሦስት መምህር ብቻ ያለው፣ ተማሪው በመውጫ ፈተና እየወደቀ የተጨነቀ አዲስ ትምህርት ክፍል አንደኛውን ይያዝ፤ በዕቁብና በዱቤ ደብተር የተማረ ተማሪ ቀመሩን የሚረሳበት ምክንያት ያንሳል። ከአምስት መምህራን በላይ ያለው፣ ከተማ አጠገብ የሚገኝ፣ ሁለተኛውን የግዴታ ኮርሶች ውስጥ ያስገባ፤ በአንድ ኮርስ በሴሚስተር ሁለት ኬዝ ብቻ፣ አንዱ በይፋ ሰነድ፣ አንዱ ከመስክ። የማስተርስ ፕሮግራም ያለው ሦስተኛውን ሊያስብ ይችላል፤ ግን ሁለተኛውን ከጀመረ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የሚያስተምርበት ኬዝ ሲጠራቀም። አራተኛው ከማንኛቸውም ጋር አብሮ ይሄዳል፤ በተለይ የኤክሴሉ ሰንጠረዥ ነገ ጠዋት ሊሠራ የሚችል ነገር ነው።

በጀት ለመጠየቅ ስትቀርቡ የሚከተሉትን ብቻ ጻፉ፦ የመስክ ትራንስፖርትና ውሎ አበል ለሁለት መምህራን ሦስት ጉዞ፣ የቃለ መጠይቅ ጽሑፍ ሥራ፣ የትርጉም ሥራ፣ ኬዙን ለሚገመግሙ ሁለት ሰዎች አበል (አንዱ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ ከንግዱ ሰፈር)። ዲኑ የሚጠይቀው «መምህሩ ምን ያገኝበታል?» ነው። መልሳችሁ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ፦ የታተመ ኬዝ በደረጃ ዕድገት መመዘኛ ላይ እንደ ጽሑፍ ሥራ እንዲቆጠር ለኮሌጁ የአካዳሚክ ኮሚሽን በጽሑፍ አስቀድማችሁ አቅርቡ። ይህ ሳይፈቀድ የተጀመረ የኬዝ ሥራ በሁለተኛው ዓመት ጸሐፊ ያጣል።

የመጀመሪያው ሴሚስተር አካሄድ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ ነሐሴ ላይ የፈተና ቆጠራ፤ በጳጉሜን ሠንጠረዥ 1ን ማዘጋጀት፤ መስከረምና ጥቅምት የቡናውን ኬዝ ጽፎ በባልደረቦች ፊት መሞከር፤ ኅዳር ላይ ክፍል ውስጥ ማስተማር፤ ታኅሣሥ ላይ ከተማሪዎቹ የማጠቃለያ ፈተና ቢያንስ አንዱን ጥያቄ ከኬዙ ማውጣት። ፈተና ላይ ያልወጣ ኬዝ በሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ዘንድ «ይቀራል» ተብሎ ይታለፋል፤ ስለዚህ ጥያቄው ከ10 ነጥብ በታች አይሁን።